በአንድ ግቢ ለብዙ ተከራይ ክፍል ማከራየት፦ ውሉን በወረዳ የማስመዝገብ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ ግቢያቸውን ክፍል በክፍል ለተለያዩ ሰዎች ለሚያከራዩ የአራዳ፣ የቂርቆስና የልደታ ባለቤቶች ነው። ሽንት ቤቱ አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ ቆጣሪው አንድ ሆኖ ተከራዩ ግን አምስት ስድስት የሆነበት ግቢ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ያላቸው ሰዎች ወረዳ ሄደው “አስተካክለው ይምጡ” እየተባሉ ይመለሳሉ። ካርታውም መታወቂያውም ተሟልቶ የሚመለሱ አሉ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ወረቀቱ ግቢውን እንደ አንድ ቤት ያየዋል። ማን የትኛውን ክፍል እንደያዘ፣ ምኑን ለብቻው፣ ምኑን በጋራ እንደሚጠቀም ከውሉ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ከታች ያለው ሥራ ግማሹ ወረዳ ከመሄድዎ በፊት ቤትዎ ውስጥ የሚያልቅ ነው።

መጀመሪያ ይህን ይለዩ፦ የሚያስፈልግዎ የትኛው ወረቀት ነው?

ሰው ሁሉ “የማከራያ ፈቃድ” እያለ ነው የሚጠይቀው። በዚህ ስም የሚጠሩት ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ክፍሉን ለነዋሪ በወር ኪራይ የሚሰጡ ከሆነ ጉዳይዎ የሚታየው በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ የኪራይ ገቢ ግብር ይከፈልበታል።

አልጋ በአዳር ወይም በሳምንት የሚያከራዩ ከሆነ ግን ሥራው የእንግዳ ማረፊያ ነው። ንግድ ምዝገባ፣ የብቃት ማረጋገጫና ንግድ ፈቃድ ይጠይቃል። ማመልከቻው ኢትሬድ በሚባለው የንግድ ሚኒስቴር የኢንተርኔት አገልግሎት በኩል ወይም በክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል፣ ፈቃዱም በየዓመቱ ይታደሳል። እሱ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። አንድ ምክር ብቻ ልስጥ፦ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱን አይቀላቅሉ። አራት ክፍል በወር፣ ሁለት ክፍል በአዳር የሚያከራይ ሰው ከወረዳ ቤቶችም፣ ከንግድም፣ ከገቢዎችም ጥያቄ አያጣም።

ደረጃ 1፦ ቤቱ ሊከራይ የሚችል መሆኑን ያጣሩ

ካርታውን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና የሚከተሉትን አንድ በአንድ ይዩ።

1. የቀበሌ ወይም የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ቤት ከሆነ ያቁሙ። እርስዎ ራስዎ የመንግሥት ተከራይ ነዎት፤ ቤቱን ለሦስተኛ ወገን ማከራየት አይችሉም። ደባል አስገብተው ውሉን ላስመዝግብ ብሎ መሄድ በራስ ላይ መመስከር ነው። በመሃል ከተማ አንድ አጥር ውስጥ የግልና የቀበሌ ክፍሎች ተደባልቀው የሚገኙበት ግቢ ብዙ ነው። እንዲህ ከሆነ የእርስዎ ይዞታ የትኛው ድረስ እንደሆነ ከካርታው ጋር ያመሳክሩ። የጎረቤትን የቀበሌ ማድ ቤት “የጋራ መጠቀሚያ” ብሎ ውል ውስጥ ማስገባት ጠብ ይወልዳል።

2. ሰርቪስ ክፍሎቹን ከፕላኑ ጋር ያነጻጽሩ። ዋናው ቤት በካርታና በፕላን ላይ ኖሮ፣ ጓሮው ላይ ቆይተው የተቀጠሉት የቆርቆሮ ክፍሎች የሌሉበት ግቢ የተለመደ ነው። ፈቃድ የሌለው ክፍል ሲመዘገብ ጥያቄ ሊያስነሳ፣ ደንብ ማስከበርንም ሊጠራ ይችላል። የተጠራጠሩትን ክፍል መጀመሪያ ከክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ጋር ጨርሱ፤ እስከዚያው በፕላኑ ላይ ያሉትን ብቻ ያስመዝግቡ።

3. ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሳሎኑን በቺፕውድ ከፍሎ ሦስት ክፍል ከማድረግዎ በፊት የሕንፃውን የቤት ባለቤቶች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ያንብቡ። ግድግዳ የሚነካ ሥራ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይጀምሩ።

4. ለልማት የሚነሳ አካባቢ መሆኑን ይጠይቁ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። የሁለት ዓመት ውል ከመፈረምዎ በፊት ወረዳውን ወይም የክፍለ ከተማውን መሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አንድ ጠዋት ቢያስከፍልዎ ነው። ሳይጠይቁ ያስገቡት ተከራይ ግን ዕቃውን ጭኖ ሲወጣ ቅድሚያ የከፈለውን የሚጠይቀው እርስዎን ነው።

5. በካርታው ላይ የተጻፈው አድራሻ የድሮ ቀበሌ ከሆነ አይደንግጡ፤ ብዙ ካርታ እንደዚያ ነው። ዛሬ ያሉበትን ወረዳና አዲሱን የቤት ቁጥር ለብቻ ጽፈው ይያዙ፤ ውሉ ላይም “የቀድሞ ቀበሌ … የአሁኑ ወረዳ …” ብለው ሁለቱንም ያስገቡ።

ደረጃ 2፦ ክፍሎቹን ቁጥር ይስጡ፣ ንድፍ ይሥሩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ነው ተመላልሶ የሚደክመው። መሐንዲስ አያስፈልግም። አንድ ኤ4 ወረቀት፣ ማስመሪያና ሜትር ይበቃሉ።

1. መጀመሪያ የግቢውን በር ይሣሉ። ከበሩ ሲገቡ በቀኝ በኩል ካለው ክፍል ጀምረው በዙሪያ ቁጥር ይስጡ፦ ክፍል 1፣ ክፍል 2፣ ክፍል 3። እርስዎ የሚኖሩበትንም ቁጥር ይስጡት፤ አጠገቡ “አከራይ የሚኖርበት” ብለው ይጻፉ።

2. እያንዳንዱን ክፍል ርዝመትና ወርዱን ለክተው ውስጡ ይጻፉ፣ ለምሳሌ “3 በ4 ሜትር”።

3. ቁጥሩን በቀለም በሩ ላይ ይጻፉ። ለመመዝገቢያ ብቻ አይምሰልዎ። ወረዳው ለማየት ሰው ቢልክ፣ ፖሊስ ቢመጣ፣ ተከራዮች ቢጣሉ ሁሉም ሰው ስለ አንድ በር መነጋገር አለበት። ውል ላይ “ጀርባ ያለችው ክፍል” ወይም “የድሮዋ ማድ ቤት” ተብሎ ተጽፎ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ተከራዮች እኔ ነኝ እኔ ነኝ ሲባባሉ የሰማ ያውቀዋል።

4. በንድፉ ግርጌ የጋራ የሆኑትን ይዘርዝሩ፦ ሽንት ቤት፣ ሻወር፣ ቧንቧ፣ ሮቶ፣ ማድ ቤት፣ የልብስ ማስጫ፣ የግቢ በር። ከእያንዳንዱ አጠገብ የሚጠቀሙበትን ክፍሎች ቁጥር ይጻፉ። “ሽንት ቤት ሀ፦ ክፍል 1 – 3። ሽንት ቤት ለ፦ ክፍል 4 – 6።” ይህች መስመር ስንት ጭቅጭቅ እንደምታስቀር!

5. ንድፉን በተከራዮቹ ቁጥር ልክ ፎቶ ኮፒ ያንሱ፤ የእያንዳንዱ ውል አባሪ ይሆናል።

በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ከሆነስ? ሁለት ተማሪዎች ወይም ሁለት ሠራተኞች ደባል ሆነው የሚገቡበት ክፍል ብዙ ነው። እኔ የምመክረው አንድ ውል አዘጋጅተው የሁለቱንም ስም ማስገባት፣ ሁለቱንም ማስፈረም ነው። ኪራዩ የክፍሉ ሙሉ ኪራይ ይሁን፤ እርስ በርስ እንዴት እንደሚካፈሉት የእነሱ ጉዳይ ነው። በአንዱ ስም ብቻ ከፈረሙ ያ ሰው ወጥቶ የቀረው ውል የሌለው ነዋሪ ይሆናል። አንዱ ቢወጣ ሌላው በስንት ቀን ሌላ ደባል እንደሚያመጣ ወይም ሙሉውን እንደሚከፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስገቡ።

ደረጃ 3፦ የሰው ወረቀቶችን ያሟሉ

ከአከራይ በኩል የሚያዘጋጁት፦

– የባለቤትነት ማረጋገጫው ዋናውና ኮፒው።
– የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ ወይም ፋይዳ።
– የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ቲን።
– የዓመቱን የጣሪያና ግድግዳ ግብር የከፈሉበት ደረሰኝ። ሁሌ ባይጠየቅም ይያዙት።

ከተከራይ በኩል መታወቂያ ወይም ፋይዳ ከኮፒው ጋር፤ የውጭ ዜጋ ከሆነ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ። የተከራዩን መታወቂያ በስልክ ፎቶ ብቻ አይቀበሉ፤ ዋናውን ይዩ።

ይህ ቀላሉ ክፍል ነበር። ሰው የሚሰናከለው የሚከተሉት ላይ ነው።

ባለትዳር ከሆኑ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ማከራየት የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ካርታው በአንዱ ስም መሆኑ ብቻውን አያድንም። ባልና ሚስት አብረው ይፈርሙ፤ መቅረብ የማይችል ካለ ውክልና ይስጥ።

ካርታው በሟች ስም ከሆነ። በመሃል ከተማ የቆዩ ግቢዎች ላይ ይህ የዘወትር ችግር ነው። አባት ካረፉ ቆይቷል፣ ልጆቹ ስድስት ናቸው፣ ሁለቱ ውጭ አገር ናቸው፣ ክፍሎቹን የምታከራየው ግቢው ውስጥ የቀረችው እህት ናት። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፤ ቀጥሎ ሌሎቹ ወራሾች ለአንዷ የሚሰጡት ውክልና፤ ከዚያ በኋላ ውሉ። ውክልናው “ማከራየት፣ የኪራይ ውል መፈረም፣ ማስመዝገብ፣ ኪራይ መቀበል” የሚሉትን ቃላት በግልጽ ካልያዘ “ቤቱን ያስተዳድር” የሚል ጥቅል ውክልና ይዘው ሄደው ሊመለሱ ይችላሉ። አገር ውስጥ ያለው ሰው ውልና ማስረጃ ሄዶ ይሰጣል። ውጭ ያለው በኤምባሲው ወይም በቆንስላው አረጋግጦ ይልካል፤ ሰነዱ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በውልና ማስረጃ ማለፍ አለበት። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ከሁሉም ቀድመው ይጀምሩት።

የስም ፊደል። ካርታው ላይ “ኃይለ”፣ መታወቂያው ላይ “ሀይለ”፤ ካርታው ላይ “ፀሐይ”፣ ባንኩ ላይ “ጸሀይ”። ውሉ ላይ ስምዎን ካርታው ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል ይገልብጡ። የተለየው የአያት ስም ራሱ ከሆነ ግን ፊደል ማስተካከል አይረዳም፤ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ማቅረብ አለብዎ።

ደረጃ 4፦ ውሉን ይጻፉ

ለእያንዳንዱ ተከራይ የየራሱ ውል ይዘጋጅ። ስድስት ተከራይ በአንድ ወረቀት ላይ ተራ በተራ ማስፈረም ወረቀት ይቆጥባል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። አንዱ ሲወጣ ሁሉም ውል ይነካል።

ወረዳው የራሱ የውል ቅጽ ካለው ቀድመው ወስደው በእሱ ላይ ይሥሩ። ቅጹ ላይ ክፍልን ለይቶ ለመግለጽ በቂ ቦታ ካላገኙ ዝርዝሩን በአባሪ ያድርጉት፤ ቅጹ ላይ “ዝርዝሩ ከውሉ ጋር በተያያዘው አባሪ ተመልክቷል” ብለው ይጻፉ። ክፍሉን የሚገልጸው አንቀጽ ይህን ሊመስል ይችላል፦

“አከራይ በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ …፣ የቤት ቁጥር … በሆነው ግቢ ውስጥ በአባሪው ንድፍ ‘ክፍል 3’ ተብሎ የተመለከተውን፣ ስፋቱ 3 በ4 ሜትር የሆነውን አንድ ክፍል ለተከራይ ለመኖሪያ አገልግሎት አከራይተዋል። ተከራይ ሽንት ቤት ሀን፣ የውሃ ቧንቧውንና የልብስ ማስጫውን በንድፉ ከተመለከቱት ሌሎች ተከራዮች ጋር በጋራ ይጠቀማል። ይህ ውል በግቢው ያሉትን ሌሎች ክፍሎች አይመለከትም።”

ቀጥለው እነዚህን በቅደም ተከተል ያስገቡ፦

1. ኪራዩ በአኃዝና በፊደል። እውነተኛውን ይጻፉ። 6,000 ብር እየተቀበሉ 3,000 ብሎ ማስመዝገብ ለግብር ያመቸኛል የሚሉ አሉ። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ መሆን ስላለበት ልዩነቱ ከሂሳብዎ ላይ ይታያል። ተከራዩ ተጣልቶ “ውሌ 3,000 ነው” ቢል ደግሞ በእጅዎ ያለው ወረቀት የሚመሰክረው ለእሱ ነው። ወደፊት የሚደረግ ጭማሪም ከተመዘገበው ላይ ነው የሚሰላው።

2. ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። 6,000 ብር ለሚከራይ ክፍል ጣሪያው 12,000 ብር ነው። ደላላው “ስድስት ወር አስከፍላቸው” ቢልዎ አይስሙት።

3. ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም። “ልጁ ተማሪ ነው፣ ዓመት ሳይሞላው ይወጣል” ብለው የአሥር ወር ውል ይዘው ቢሄዱ ይመለሳሉ። ሁለት ዓመት ይጻፉ፤ ተከራዩ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣት እንደሚችል ያስገቡ።

4. ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን። “አከራይ በፈለገ ጊዜ ይጨምራል” የሚል መስመር ከድሮ ውል ገልብጠው እንዳያስገቡ።

5. መብራት። የጋራ ቆጣሪ ያለበት ግቢ ላይ ከኪራይ የበለጠ የሚያጣላው እሱ ነው። የመብራት ታሪፍ በደረጃ የሚያድግ ነው፦ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ነው፣ ከዚያ በየደረጃው እየተወደደ ይሄዳል። ስድስት ክፍል በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሒሳቡ ወደ ውዱ ደረጃ ይወጣል። እኩል ካካፈሉት አንድ አምፖልና ስልክ ቻርጅ ብቻ ያለው ተከራይ የጎረቤቱን ምጣድ ይከፍላል። መፍትሔው ለየክፍሉ የውስጥ ቆጣሪ ማስገጠምና ክፍያውን በንባቡ መጠን ማካፈል ነው። ማስገጠም ካልቻሉ ቀመር ይጻፉ፤ ለምሳሌ ፍሪጅ ያለው ክፍል ሁለት ድርሻ፣ የሌለው አንድ ድርሻ። ምጣድ በየክፍሉ አይፍቀዱ፤ የቆየ ሽቦ አይችለውም። ማድ ቤት ካለ ራሱን የቻለ መስመርና ብሬከር አስገብተው እዚያ ብቻ ይጋገር። በካርድ የሚሞላ ቆጣሪ ከሆነ ማን እንደሚሞላና ገንዘቡ በስንተኛው ቀን እንደሚሰበሰብ ይጻፉ።

6. ውሃ። የውሃ ታሪፍም በፍጆታ መጠን ስለሚያድግ በክፍል ሳይሆን በሰው ቁጥር ማካፈል ይሻላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶውን ማን ሞልቶ እንደሚዘጋ ይወስኑ።

7. ሽንት ቤትና ጽዳት። ማን በየትኛው ሳምንት፤ ሲሞላ የፍሳሽ መኪና ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን። የመጨረሻውን አከራይ ይሸፍነው ባይ ነኝ፤ የቤቱ ወጪ ነውና።

8. ከሰል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት በጭሱ መርዝ ይገድላል፤ በክረምት በየዓመቱ የምንሰማው ነው። ውሉ ውስጥ ይከልክሉት፤ በቃልም ይንገሩ። የእሳት አደጋ ስልክ 939 መሆኑንም ግቢው በር ላይ ይጻፉ።

9. ፊርማ። አከራይ (ባለትዳር ከሆኑ ሁለቱም)፣ ተከራይና ሁለት ምስክሮች። ምስክሮቹ ከነመታወቂያቸው ኮፒ። ሌላውን ተከራይ ምስክር አያድርጉ፤ ነገ በጋራው ቧንቧ ምክንያት ከማን ጋር እንደሚቆም አይታወቅም።

ቢያንስ ሦስት ቅጂ ያትሙ፤ ለአከራይ፣ ለተከራይ፣ ለወረዳው። በየገጹ ይፈርሙ፤ አባሪው ንድፍ ላይም ጭምር።

ቀኑን ይጠንቀቁ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከፊርማው ነው። ስለዚህ ውክልናውና ኮፒው ሳይሟላ አይፈርሙ። ጥቅምት 5 የተፈረመ ውል እስከ ኅዳር 5 መመዝገብ አለበት። ነሐሴ 20 የፈረመ ሰው ግን “እስከ መስከረም 20 ጊዜ አለኝ” ብሎ እንዳይዘናጋ፤ ጳጉሜም ትቆጠራለች። ነሐሴ 10 ቀን፣ ጳጉሜ 5 ቀን፣ ስለዚህ መስከረም 15 ላይ ያልቃል። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት መስከረም 14።

ደረጃ 5፦ ወረዳ ሲሄዱ

1. የሚሄዱት ቤቱ ወደሚገኝበት ወረዳ የቤቶች ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። እርስዎ ሲኤምሲ ኖረው ቤቱ አፍንጮ በር ከሆነ አራዳ ነው ጉዳይዎ።

2. ከተከራዩ ጋር አብረው ይሂዱ። ስድስቱንም በአንድ ቀን ለመሰብሰብ መሞከር አያዋጣም፤ አንዱ ፈቃድ አላገኘም፣ አንዱ መታወቂያውን አላደሰም ይባላል። ሁለት ሁለት አድርገው ይውሰዷቸው።

3. ጠዋት 2፡30 ይድረሱ። አርብ ከሰዓት በኋላና የበዓል ዋዜማ አይሂዱ።

4. የመጀመሪያውን ውል ሲያቀርቡ ለባለሙያው ንድፉን ቀድመው ያሳዩ፦ “ግቢው አንድ ነው፣ የሚከራዩት ክፍሎች አምስት ናቸው፣ ይሄ የክፍል 3 ውል ነው።” ከውሉ ከጀመሩ በሁለተኛው ተከራይ ላይ “ይህ ቤት ተመዝግቧል እኮ” የሚል ነገር ይመጣል።

5. ኮምፒውተር ላይ ሲመዘገብ የክፍሉ ቁጥር መግባቱን በዓይንዎ ይዩ። የቤት ቁጥሩ ብቻ ከገባ የሚቀጥሉት ውሎች ድግግሞሽ መስለው ይታያሉ። ለክፍል ቁጥር የተለየ ቦታ ከሌለው ከቤት ቁጥሩ ቀጥሎ ወይም በማስታወሻው ላይ እንዲጻፍ በትሕትና ይጠይቁ።

6. የሚከፈል ነገር ካለ በደረሰኝ ብቻ ይክፈሉ። በር ላይ ቆሞ “እኔ ላስጨርስልዎ” የሚልዎትን አልፈው ይግቡ።

7. ከመውጣትዎ በፊት ማኅተሙ በሦስቱም ቅጂ ላይ መኖሩን፣ የምዝገባ ቁጥሩና ቀኑ መጻፉን፣ የስምዎ ፊደል መጠበቁን ይመልከቱ። ቤት ገብቶ ስሕተት ማግኘት ሌላ ሰልፍ ነው።

ሲበላሽ ምን ያድርጉ?

“ሲስተም የለም” ቢባሉ። ተመልሰው ብቻ አይሂዱ። “ውል ለማስመዝገብ ቀርበን ሲስተም ባለመሥራቱ አልተስተናገድንም” የሚል አጭር ማመልከቻ ይጻፉ፣ የውሉን ኮፒ ያያይዙ፣ መዝገብ ቤት አስገብተው በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን ያስመቱ። 30 ቀኑ ካለፈ ዘገየህ ሲባሉ የሚያወጡት ወረቀት ይሄ ነው። ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው፣ መስክ ወጥቷል ሲባሉም እንዲሁ ያድርጉ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይሄን ይያዙ።

“ለግቢው አንድ ውል ብቻ” ቢሉዎት። ንድፉን ያሳዩ፤ ተከራዮቹ የማይተዋወቁና ለየብቻ የሚከፍሉ መሆናቸውን ያስረዱ። ካልተቀበሉ ኃላፊውን፣ ቀጥሎ ክፍለ ከተማውን ይጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ማመልከት ነገሩን ብዙ ጊዜ ያለሰልሰዋል። አንዱን ተከራይ “ዋና ተከራይ” አድርጎ ሌሎቹን በእሱ ስር ማስገባት እንደ አቋራጭ ሊነገርዎ ይችላል። አይስማሙ። ያ ሰው የተከራይ አከራይ ይሆናል፤ በሚከፍለውና በሚቀበለው መካከል ያለው ልዩነት በስሙ ግብር ያመጣበታል፣ እርስዎም ግቢዎ ውስጥ ማን እንዳለ መቆጣጠር ያቅትዎታል።

ተከራዩ አልቀርብም ቢል። ብዙዎች ኪራዩ እንዲጨምር የሚያደርግ ነገር ይመስላቸዋል። እንዲያውም ምዝገባው የሚጠብቃቸው መሆኑን፣ ጭማሪው በዓመት አንዴ እንደሆነ፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ እንደማይጠየቁ ያስረዷቸው። ከዚህ በኋላም እምቢ ካሉ በጽሑፍ ጠይቀው ኮፒውን ለወረዳው መዝገብ ቤት ያስገቡ።

ከድሮ ጀምሮ በቃል ብቻ የሚኖር ተከራይ ካለ። አዋጁ ከወጣ ቆይቷል፣ ዘግይተዋል፤ ቢሆንም ይሂዱ። ያለፈ ቀን ጽፈው ለመሸፈን አይሞክሩ፤ የባንክ ዝውውሩና የመታወቂያው የእድሳት ቀን ያጋልጣል። ዛሬ ይፈርሙ፣ ከዛሬ ይቁጠሩ።

ደረጃ 6፦ ከተመዘገበ በኋላ

ባንክ። ለኪራይ ብቻ የሚሆን ሂሳብ ይክፈቱ። ተከራዩ ሲልክ ምክንያቱ ላይ “ክፍል 3 ኅዳር ኪራይ” ብሎ እንዲጽፍ ያስለምዱ። የመብራትና የውሃ መዋጮው ወደዚህ ሂሳብ አይግባ፤ በዓመቱ መጨረሻ ገቢ መስሎ ይቆጠራል።

ግብር። የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ሐምሌ ሲገባ ወደ ገቢዎች ይሂዱ። “የየክፍሉ ኪራይ ትንሽ ስለሆነ አይመለከተኝም” የሚል ስሌት አይሠራም፤ የሁሉም ክፍል ኪራይ ተደምሮ ነው የሚታየው። በመሃል ባዶ የቆየ ክፍል ካለ ከመቼ እስከ መቼ ባዶ እንደነበር በወረዳው ደብዳቤ ማስደገፍ ያስፈልግዎታል።

ጸጥታ። የተከራዮችን ስም ዝርዝርና የመታወቂያ ኮፒ ለወረዳው ሰላምና ጸጥታ ወይም በአቅራቢያ ላለው ፖሊስ ያስገቡ። ዝርዝሩ በክፍል ቁጥር ይሁን። ሰው በተለወጠ ቁጥር ያድሱት።

ተከራይ ሲወጣ። የመልቀቂያ ማስታወቂያውን በጽሑፍ ይቀበሉ፣ ቀኑን ያስፍሩ። በመውጫው ዕለት ክፍሉን አብረው ይዩ፣ የውስጥ ቆጣሪውን ንባብ በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ የቀረውን የመብራትና የውሃ ድርሻ ይተሳሰቡ፣ ቁልፉን ይረከቡ። ስለ ሁሉም ሁለት መስመር ጽፈው ይፈራረሙ። ያን ወረቀት ከተመዘገበው ውል ጋር ይዘው ወረዳው ሄደው የክፍሉ ውል መቋረጡን ያስመዝግቡ። ይህ ሳይሆን ለክፍል 3 አዲስ ሰው ይዘው ቢሄዱ የድሮው ተከራይ ስም መዝገቡ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅዎታል። የአዲሱ ተከራይ 30 ቀን ደግሞ እሱ ከፈረመበት ቀን መቆጠር ጀምሯል።